የነፋስ መዝገብ

በሂዩማ ደሴት፣ በባልቲክ ባሕር ዳር፣
ጥድ ከድንጋይ ጋራ በሚተቃቀፍበት፣ በጨው ጠረን አገር፣
አሥራ አንድ ነን እኛ፣ ነፋስ የምንቋጥር።

ሰው ስንቅ ይቋጥራል፤ ሰው ቂም ይቋጥራል፤
የኛ ቤት ሙያ ግን ከሁሉም ይከብዳል፦
ነፋስ በገመድ ላይ ሦስቴ ይታሰራል።

አንደኛው ሲፈታ፣ ሸራ ይሞላል ቀስ ብሎ፤
ሁለተኛው ሲፈታ፣ ጀልባ ይነጉዳል ማዕበል አክሎ፤
ሦስተኛውን በዕድሜዬ አላየሁም ተፈትቶ፤
ማሬት ስሙን ስትሰማ፣ ከፊቷ ላይ ደም ጠፍቶ
ትወጣለች፣ በሩን ዘግታ።

አሮጌ መዝገብ አለን፣ የዓሣ ዘይት የጠጣ፤
በሱ ላይ ምሎ ነው፣ ሰው ወደኛ የመጣ።
በግራ ገጽ ይጻፋል፣ ነፋሱ ለማን እንደተሰጠ፤
በቀኝ ገጽ ይጻፋል፣ ከማን ሸራ እንደተቆረጠ።

«ነፋስ አይፈጠርም» ትላለች ማሬት፣ መረቧን እየጠገነች፣
«ላንዷ ጀልባ ስትሰጪ፣ ሌላይቱ ቆማ ቀረች።
የማን መሆኗን ሳታውቂ፣
ከገመዱ ጫፍ ራቂ።»

የሪጋ ነጋዴ አንዴ መጣ፣ ብር የሞላ ከረጢት ይዞ፣
እህሉ ከሌሎች እንዲቀድም፣ ነፋስ ሊሸምት ሦስት ቀን ተጉዞ፤
ማሬት ትኩስ የዓሣ ሾርባ በሳህን አቀረበችለት፣
ሲጨርስም መቅዘፊያ፣ አዲሱን፣ መርጣ አወጣችለት።

እኔ ሰባት ዓመት ተማርሁ። የመጀመሪያው ሁለት
መቅዘፍ ብቻ ነበር፣ ያለ ሸራ፣ ከንጋት እስከ ሌት፤
መዳፌ ሲላጥ፣ ሲድን፣ ደግሞ ሲላጥ፣
ገባኝ የአንዲት ሽውታ ዋጋ፣ በሰው ክንድ ሲገለጥ።

በስድስተኛው ዓመት፣ ባሕሩ መስታወት መስሎ፣
እኅቴን ኤፕን ምጥ ያዛት፤ ሁለት ቀን አድሮ ውሎ።
የአዋላጇ ጀልባ ማዶ ቆመች፣ ሸራዋ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተሰቅሎ።
ትታየኛለች።
ትንፋሽ ብቻ ነው የጎደላት፤
ትንፋሽ ደግሞ ወገቤ ላይ ነበር፣ ቋጥሬ የያዝሁላት።

ማንንም አልጠየቅሁ።
አንደኛውን ፈታሁ።
ሕፃኑ ተወለደ፤ ጮኸ፤ እኔም አለቀስሁ።
በግራ ገጽ «ለአዋላጇ» ብዬ ጻፍሁ፣
ቀኙን ባዶ ትቼ መዝገቡን ዘጋሁ።

በረዶው ሲቀልጥ ነው ወሬው የመጣልን፣ ከቮርምሲ ደሴት፦
በዚያች ሌሊት፣ አሉ፣ የማትስ ጀልባ ቆመች ድንገት፣
ነፋሷ ተነጥቆ፣ ከባሕሩ መሐል፤
ንጋት ላይ ሲያገኙት፣ እጁ ከመቅዘፊያው ጋር ደርቆ ተጣብቋል።
አራት ጣት ቆረጡለት።

ማሬት አልጮኸችብኝም። መረቧን አስቀመጠች።
«መፍታትሽን አልወቅስም» አለች፣
«ምናልባት እኔም… ባዶ ገጽ መዝጋትሽ ግን…»
አልጨረሰችውም። ቀለምና ብዕር ሰጠችኝ፤ መቅዘፊያ ጨመረች።

ከንጋት እስከ ምሽት ቀዘፍሁ። ነፋስ ከኋላዬ መጣ፣
እንደ ውሻ ተከተለኝ፤ የምሰጠው ሸራ አጣ።
በሩን አንኳኩቼ፣ ቆሜ፣ ሁሉን ነገርሁት።
«ነፋስህን» አልሁ፣ «እኔ ነኝ የወሰድሁት።»

ማትስ በቀሩት ጣቶቹ ምድጃውን ቆሰቆሰ፤
ጥቁር የአጃ ዳቦ ለሁለት ቆረሰ፤
«ልጁን» አለኝ፣ «ማን አላችሁት?»
«ፕሪዲክ።»
«ፕሪዲክ» አለ ደግሞ፣ ስሙን እንደ ዓሣ አጥንት
በምላሱ እያገላበጠ።
ይቅርም አላለኝ፤ አልረገመኝምም።
«መረቡ ይከብዳል» አለ፣ «ብቻዬን አልችለውም።»

ይኸው ሦስተኛ በጋ፣ መረቡን አብሬው እጎትታለሁ፤
በቀኙ ገጽ ላይ ስሙን በትልቁ ጽፌዋለሁ፤
አዲስ የመጡት ልጆች እየዳሰሱ ያነቡታል።
ነፋስ ፈትቼ ነፍስ ተቋጠረብኝ፤ ይኼንን ማን ይፈታል?

ዛሬ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ጀልባችን ቆማለች።
ወገቤ ላይ ገመድ አለ። ማትስ ያውቃል። አይጠይቅም።
ጣቶቼን እቆጥራለሁ፦ አሥር።
የሱን እቆጥራለሁ፦ ስድስት።
መቅዘፊያውን አነሳለሁ።