ግድፈት

አባቴ ቡሽራ፣ ከጅማ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣
አንድ እግሩ በጎደለ ወንበር፣
ማመልከቻ እየጻፈ ሠላሳ ክረምት ኖሯል፤
ዝናቡ ከዣንጥላው ጫፍ ቀለሙ ላይ ይወርዳል።

አንድ ሐሙስ ሁለት ባላጋራ መጡ፤
ለአንድ ቁራሽ መሬት ሁለት ውል አወጡ።
ሁለቱም ማኅተም አለው፣ የአውራ ጣት አሻራ፤
«ቅጂ አይደለም የእኔ! ይጠየቅ አባ ጩራ!»

አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ፤
የሚስማማውን ዘለለ፣ የሚያነክሰውን ፈለገ።
«ምሥራቅ» ከሚለው ቃል፣ በአንዱ ውል፣ «ራ» የለም።
በሌላውም የለም።
በዚያው መስመር፣ በዚያው ቦታ፣
ጥርስ እንደ ወለቀበት ድድ።

«እውነትን» አለ፣ «ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ በአንድ ቃል ሊጽፋት ይችላል፤
አንድ ዓይነት ግድፈት ግን ከአንድ እናት ወረቀት ይወለዳል።»
ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
ብርቱካን እየላጥሁ ነበር።

አሁን ኪቶ ነኝ፤ ቤተ ሙከራ፣ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ሌሊት።
ጥበቃው ናስሩ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣
ጉሬዛ አምጥቶልኝ ነበር ባለፈው ሳምንት፦
ጊንጆ ላይ፣ ከዋንዛ ወደ ዝግባ ስትዘል
ሽቦ የነካች፤ ነጭ ካባዋ በአንድ ጎኑ ከሰል።
«ለምርምር ትሆንሻለች» አለ፣ ዓይኑን ከመዳፏ እያሸሸ፤
ከረጢቱን ስፈታ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ መሸ።

አውራ ጣት የላትም ጉሬዛ።
ውል ብትዋዋል በምን ትፈርም?

ከሥጋዋ ቅንጣት የዘረመሏን ክር ፈተልሁ፤
ከራሴም ጉንጭ፣ ከጎረቤት ፍየልም ወሰድሁ።
ለዚህ ጽሕፈት አራት ፊደል ይበቃዋል፤
ያም ሆኖ ማንበቡ ሌሊት ይፈጃል።

ፍየሏ ቫይታሚን ሲ በጉበቷ ትሠራለች፤
የአሠራሩን ምዕራፍ ሙሉውን ይዛለች፤
ብርቱካን አማረኝ ብላ አታውቅም።
እኛም ዘንድ ምዕራፉ አለ፣ ግን አይነበብም፤
ተቀዷል። አልተጣለም።
የሞተ ሰው ደብዳቤ ሣጥን ሥር እንደሚቀር
ከልጅ ወደ ልጅ ስንሸከመው፣ ሳንከፍተው፣ ስንኖር፣
ፍራፍሬ የራቀው ሰው ድዱ ይደማል።

ጎን ለጎን አኖርኋቸው፣ እንደ አባቴ።
የሚስማማውን ዘለልሁ።
በእኔ መስመር፣ እዚህ ጋ፣ ፊደል ጎድሏል።
በእሷ መስመር፣ እዚህ ጋ፣
ያው ፊደል ጎድሏል።

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤
እኔ ሰባት ቆጠርሁ፣ ሰባ፣ ሰባት ሺህ፤ ጣቴ ደከመ።
ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ግድም ወደ ኋላ፣
ጅማ የሚባል ሳይኖር፣ አዌቱም በዚህ ሳይወርድ፣
ስም የሌላት እናት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤
ልጆቿ በሁለት መንገድ ሊሄዱ ነው፤ አታውቅም።
ግድፈቱን እሷም ከእናቷ ወርሳዋለች።

ናስሩ ሊነጋጋ ሲል መጣ። «ምን አገኘሽ፣ ነዚፋ?»
ዘመድ ልበለው? ሰው ዘመዱን በከረጢት አይቀበልም።
«ውል» አልሁት። «ሁለት ቅጂ።»
«ዋናውስ?»
«ዋናው ጠፍቷል። ስሕተቱ ብቻ ነው የቀረው።»

ሳይመልስ ሄደ፤ አካፋ ይዞ ተመለሰ።
ከዝግባው ሥር ቆፈርን። ድንኳን አልተጣለ፣ ሙሾ አልተሰማ፤
ከላያችን ወገኖቿ ቅጠል ማኘክ አቁመው ያያሉ።
ከቦዬ በኩል ዝናብ መጣ።

ኪሴ ውስጥ ብርቱካን ነበረ። ላጥሁት።
ግማሹን ለናስሩ ሰጠሁ፤
አንዷን ክፋይ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣
አፈሩ ላይ አኖርሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ
የጎረቤት ፍየል በልታዋለች፣
ምንም ሳያስፈልጋት።