ጀልባ መረጣ

ከቡሬ ስንነሳ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው፣
ሱቁን ለልጃችን በአደራ ጥለነው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እህል ስንሰፍር፣
ሽርሽር አናውቅም ከለቅሶ በስተቀር።

ባሕር ዳር ስንገባ ሦስት ሰዓት ሞልቷል፤
ጣና እንደ ተሰጣ ነጭ ጤፍ ተኝቷል።

እኔ ነኝ እያልኩኝ መምረጥ የሚያውቅበት፣
ጤፉን በመዳፌ አሽቼ የማይበት፣
በቆሎውን ቆርጥሜ፣ ድምፁን ሰምቼ
እርጥቡን ከደረቅ የማወጣ ለይቼ፣
ያን ሁሉ እውቀቴን ወደብ ላይ ይዤ ብቆም፣
ጀልባ ለካ አይታሽም፣ ጀልባ አይቆረጠም።

«ጌታው፣ ወዲህ ይምጡ!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣
ላስቲክ ያለበሰው ፎቶ እያነሳ፤
«ሦስት ደሴት በግማሽ ቀን! ሞተሩ አዲስ ነው!
ክብራን፣ እንጦስ፣ ዘጌ፤ ጉማሬው ምርቃት ነው!»
ፎቶው ላይ ጉማሬው አፉን እንደ ጎተራ
ከፍቶ ተቀምጧል፣ ደንበኛ ሊጠራ።

ሌላው ረጋ ያለ፣ ሞላልኝ የሚባል፣
ከእንጨት ጀልባው ጥላ እግሩን ዘርግቷል፤
«ዳጋ ነው የምሄደው፣ ቀን ሙሉ ነው መንገዱ፤
ከቸኮሉም ጌታው፣ ከልጆቹ ጋር ይሂዱ»
ብሎ ዝም አለ።
ዋጋ የማይናገር ነጋዴ ያስፈራል፤
እኔም ስሸጥ እንዲያ ነኝ፣ ሞኝ ያኔ ይጠጋል።

እንድሪስ ታንኳውን በጉልበቱ ደግፎ
ደንገሉን ይጠፍራል፣ ገመዱን አጣጥፎ፤
«ይሄ ስንት ሰው ይችላል?» ብዬ ብጠይቀው፣
ሽቅብ ቁልቁል አየኝ፣ ሆዴን ገመገመው።
«አንተን ብቻ» አለኝ፣ «ያውም ጾም ሲሆን።»
ሳቀች አዛለች፤ ስንት ዓመቷ ይሆን
እንዲህ ካየኋት?

«ሦስት በአንድ ዋጋ፣ ይሄ ነው ትርፍ» ብዬ
ቀብዱን ልሰጥ ኪሴን ስፈታ ቸኩዬ፣
«ክብራን ሴት ይገባል?» አለች አዛለች።
ልጁ ጫማውን አየ። ሞገድ ዳሩን ነካች።
«ሴት እንኳን አይገባም፤ ጀልባ ላይ ይቆያሉ፣
ጥላም፣ ውኃም አለ።» «ዳጋስ?» «ያውም» አሉ።

«መጠበቅስ ልማዴ ነው» አለች፣ ሳትቆጣ።
ቡሬ፣ ሽንዲ፣ ጅጋ፣ እኔ ገበያ ስወጣ
ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ መኪና ስትጠብቅ
የኖረችው ሁሉ መጣብኝ በድንገት፤
እህል የምለይ ሰው፣ ይህን እንዴት ሳላውቅ!
«አንቺስ የቱን ወደድሽ?»
                        አልኳት። ቃሉ ራሱ
አፌ ውስጥ ሻከረኝ፣
በቆሎ መሐል እንዳለ ጠጠር።

አልመለሰችልኝ። ወረደች ቀስ ብላ፤
አላየች ሞተሩን፣ ቀለሙን፣ ወይ ጥላ፤
ብርቱካናማውን መንሳፈፊያ ጃኬት
ገልብጣ ሳበች ከብብቱ ክር፣ አንዲት፤
ከፈጣኑ ጀልባ ክሩ መጣ አብሯት፣
እንደ በሰበሰ ጆንያ፣ እስከ አንገት።
ከሞላልኝ ጀልባ ግን ክሩ እንቢ አለ፤
ጃኬቱ ያረጀ፣ ስፌቱ ያየለ።
«ማነው የሰፋልህ?»
                  «ሚስቴ ናት» አለና አፈረ።
ሺህ ጆንያ የሰፋ የአዛለች ጣት
ያላያትን ሴት እጅ አወቀ በስፌት።

«ናርጋስ ሴት ይገባል?» «ይገባል፤ ሩቅ ነው፤
አሁን አምስት ሰዓት፣ ከቀትር ንፋስ ነው።
ዘጌ ደርሰን እንምጣ። ነገ በማለዳ
ከመጣችሁ ናርጋ…» ነገ ሱቅ፣ ነገ ዕዳ።
ዋጋውን ነገረን። በዛ። አልተከራከርኩም።
(ቡሬ ይህን ቢሰማ ሰላም አይለኝም።)

እሷ ከፊት ሆነች፣ እኔ ከሞተሩ፤
ደንገሉ ሲያጎነብስ፣ ሲቀር ባሕር ዳሩ፣
«ጉማሬ!» አለች አንዴ፤ ቀና ብዬ ሳየው
እምቦጭ የያዘው ግንድ፣ ሞገድ የሚገፋው።

ከዚያ ክብራን መጣ፣ ዛፍ ለብሶ፣ ዝም ብሎ፤
አንድ መነኩሴ ታየ፣ ባልዲ አንጠልጥሎ።
ሞላልኝ ሞተሩን ቀንሶ፣ «አንተ እንኳ
መውረድ ትችላለህ» አለኝ።
አዛለች አልዞረችም። ጀርባዋ ብቻ ሰማ።
«ይለፍ» አልኩ።
              አለፍነው፤ ሁለታችንም ከውጭ።

ቆይታ፣ ከጓዟ ፌስታል ፈታ አውጥታ
ቆሎ ሰጠችኝ፣ በእፍኟ ሞልታ፤
እኔ ባቄላውን ከሽምብራው የምለየው፣
ያን ቀን ሳልለቅም ከነገለባው ቃምኩት።