ዋናና ወለድ

ውርጭ ባረፈበት በጠባሴ መንገድ
ቦርሳዬን አንግቼ ከበር በር ስሄድ
ውሾች ቀድመው ያውቁኛል፤
ልጆች «ውሃ ልማት መጣ!» ብለው ይጮሃሉ፣
«ዋናተኛው» የሚሉኝም አንዳንድ ሽማግሌዎች አሉ።

ሥራዬ ቀላል ነው፤
የጉድጓዱን ክዳን በብረት ማንሳት፣
በጉልበት ተንበርክኮ አንገትን መክተት፣
መስታወቱን በአውራ ጣት ከጭቃው መጥረግ፣
ከሥሩ የተኙትን ቁጥሮች መፈለግ።
አንድ አመል ብቻ አልለቀቀኝም፦
ከመጎንበሴ በፊት ትንፋሼን እስባለሁ፣
ቀና እስክል ድረስ አላስወጣውም።

ስሜ አሥራ አንድ ዓመት በሁለት መቶ ሜትር
ከመዋኛው ግድግዳ ተለጥፎ ነበር።
ከዚያ አንድ ልጅ መጣ፣ ረጅም፣ ከቆቃ፤
በሁለት ክንድ ቀደመኝ፣ ነገሩ አበቃ።
ፌዴሬሽኑ አመስግኖ ብርድ ልብስ ሸለመኝ፤
ጠርዙን ባነበው የኛው ከተማ ሥሪት፣
ከደብረ ብርሃን ሄዶ ለደብረ ብርሃን ደረሰኝ።
ሜዳሊያዎቹ?
አንዱን ልጄ ማኅደር ከበሩ ሥር ሸጎጠችው፣
ነፋስ ሲያላጋው እንዳይደበድብ።

ትናንት ወይዘሮ የሽመቤት ደጃፋቸው ላይ ያዙኝ፣
ደረሰኝ እያራገቡ ተቆጡኝ፦
«ዘጠኝ ቀን ጠብ ያላለ ቧንቧ
ይሄን ሁሉ ብር? አየር ነው ያዞረው!
ነፋስ ነው እናንተ ቤት የሚቆጠረው!
ሰው ደግሞ የአየር ይከፍላል?»

ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው።
ቧንቧ ሲደርቅ አየር ይሞላዋል፣
ውሃው ሲመለስ እየገፋ ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል።
ግን ለመፍረድ እኔ ማነኝ?
ዕድሜዬን ለአየር ስከፍል የኖርኩ፣
በየአራት ቀዘፋው አንዴ፣ በአፌ ጥግ የሰረቅኩ፤
አንዷን ትንፋሽ ባስቀር አንድ ሰው የቀደምኩ፣
አንዷን ስጨምር የተቀደምኩ።
«ቅሬታ ይጻፉ» አልኳቸው፣
«ዋናውን ከከፈሉ ቅጣቱን ያነሱልዎታል።»
ሣቁ። «ዋናውንስ አንተ ታውቃለህ» አሉ።

አውቅ ነበር።
አሁን የምበላው ወለዱን ነው፦
ክረምት ሲገባ የሚቆረጥመኝ ትከሻ፣
ጉድጓድ አፍ ላይ የማፍነው ትንፋሽ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧችን አስነጠሰ፤
አየሩን ተፋ፣ ተፋ፣ ከዚያ ውሃው ደረሰ።
ሳፋውን ሞልቼ ፊቴን ነከርኩ፤
የበሬሳን ብርድ በጥርሴ ቆጠርኩ።
ባለቤቴ ከሽልማቱ ብርድ ልብስ ውስጥ
«አበድክ?» አለች።
ማኅደር ግን ተነሥታ፣ ስልኳን አብርታ፣
ሰከንዱን ጮክ ብላ ጠራች፦
አርባ… ሃምሳ… ስልሳ ሁለት ላይ ትከሻዬን ነካች፤
«አባዬ፣ በቃ፣ ውጣ።
ሳፋውን እፈልገዋለሁ፣
ዩኒፎርሜን ልጠብበት፣ ሳይሄድ ውሃው።»