ሰባት ቁጥር

ባፉላ ከተማ፣ ከሰፈራችን ጫፍ፣
ሰባት ቁጥር አውቶብስ እየሮጠ ሲያልፍ፣
ወንድሜ ኔርያ ጎማ አንድዶ መንገድ ዘጋ፤
እህቴ ሊአት፣ ጠበቃዋ፣ በፋይል ስትተጋ፣
«በጭስ ፍርድ አይገኝም» ብትለው ተቆጥታ፣
«በማኅተም ሌሊት አይነጋም» አላት፣ ጠረጴዛ መታ።
አባባ ሽማግሌ ይዞ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣
ማዘጋጃ ቤት ሮብ ሮብ ደጅ ጠንቶ፣
ከጸሐፊዋ ጋር ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል፣ «ነገ» የሚል ሰምቶ።

እኔ?
እኔማ ሾፌሩ ነኝ፤ ትእዛዙ ከላይ፤
ዐይኔን አሸሻለሁ ትርንጎን እንዳላይ።

ትርንጎ ፊደል ሳይሆን ሽምብራ ነው የቆጠረች፣
ለቀረ ሰው አንድ አንድ ፍሬ ቆርቆሮ ውስጥ እያኖረች።
ፋሲካ ሳይደርስ ቆርቆሮው ከበደ፤
የሊአት ባዶ ፋይል ማስረጃ ወለደ፤
ያን ለት ጭሱ ከንቲባው መስኮት ደረሰና፣
ጸሐፊዋም የሻይ ወዳጇን አስታወሰችና፣
ደብዳቤውን ከክምሩ ሥር መዛ አወጣች።

እኔም፣ ወረቀቱ ከመድረሱ ባንድ ቀን፣
እግሬ ራሱ ረገጠው ፍሬን።

ማን አቆመው? ቤታችን እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃል።
ትርንጎ ሽምብራውን ቀቅላ አቅርባለች፤
ያው ካንድ ሳህን፣ እየተነታረከ፣ ሁሉም ይዘግናል።