ከቁልፉ ጋር የተተወ ወረቀት

ብሪጊተ፣ ቁልፉ ሁለት ነው፤ ትልቁ የውጭው በር ነው፣
ትንሹ እምቢ ሲል፣ ወደ ላይ ብድግ አርጎ ማዞር ነው።
የላክሽው አራት ገጽ ደርሶኛል፤ ደጋግሜ አነበብኩት፤
የትራሙን ቀይ መስመር በጣቴ ተከተልኩት፦
ስድስት ቁጥር፣ ጠዋት፣ ሰባት ከአርባ ሁለት፣
ትኬት ስትገዢ ማኅተም አስመቺበት፣
እሑድ እሑድ ይቀንሳል፣ እኩለ ሌሊት ያበቃል፣
ሾፌሩን አታናግሪው፤ ሁሉን ሰሌዳው ያውቃል።

"ያንቺንም እንዲሁ ጻፊልኝ" አልሽ። እሺ አልኩ፣ ምን ከፋኝ፤
ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ፤ የሚሰመር ነገር ጠፋኝ።

መጀመሪያ ሰዓትሽ። ያንቺ ሰባት የኛ አንድ ነው፤
እዚህ ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ስትወጣ ነው።
እኔም ሰባትሽን ከምሳ በኋላ መስሎኝ፣
"ምን ዓይነት ሥራ ነው?" ስል ሰነበትኩ፣ እስኪገለጥልኝ።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ስትወርጂ፣
ሦስት ሰው ሻንጣሽን ይይዛል፤ ቶሎ አትፍረጂ፤
አንዱ ተሸካሚ ነው፣ አንዱ የባጃጅ ደላላ፣
ሦስተኛው እንዲሁ ነው፤ ሥራ የለውም ሌላ።
"ኮንትራት?" ካለሽ እምቢ በይ፤ ሰው ያለበትን ጠብቂ፣
"አብማ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ" በይው፤ ከዚያ ወዲያ አትጨነቂ።
ዋጋውን አልጻፍኩም፤ እስክትመጪ ነዳጅ ይጨምራል፤
ጎንሽ ያለችው ሴት ስንት እንደሰጠች ማየት ይበቃል።
አንድ ቃል ግን አጥኚ፣ የቀረው ሁሉ ይቅር፦
ወራጅ።
"ወራጅ አለ" ካልሽ ይቆማል፣ የትም፤ ፖሊስ ፊት ካልሆነ በቀር።

በእግርሽ ወደ ጨሞጋ ከወረድሽ፣ የሰው መልስ መንዝሪ፤
"እዚችው ናት" ካሉሽ ውሃ ያዢ፣ ዳቦም ቋጥሪ፤
"ትንሽ ራቅ ትላለች" ካሉሽ ግን ሐሳብሽን ቀይሪ።

ባሕር ዳር ለመሄድ አሥራ አንድ ላይ ተነሺ፤ ጨለማ ነው፤
"ስንት ሰዓት ይነሳል?" ብለሽ አትድከሚ፤ መልሱ አንድ ነው፦
ሲሞላ።
ይህንን ነው በሠንጠረዥ ላሰፍር ሦስት ማታ የለፋሁ፤
"ሲሞላ" የሚባል ሰዓት የሚገባበት ዓምድ አጣሁ።
አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ይጠበቃል፤
ሾፌሩ ጎማ ይመታል፣ ወያላው የከተማ ስም ይጠራል፣
አንዷ ልጇን ታጠባለች፣ አንዱ ዲያቆን ያንጎላጃል፤
ያ የጎደለው ሰው አንቺ ትሆኚ ይሆናል።
ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመጪ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዝናም፣
ስምሽን የሚያውቅ የለም፤ ደስ የማይለውም የለም።

ነሐሴ ነውና ጭቃው ባጃጅ አያስወርድ፤
ከአስፋልቱ ጫፍ ባንቴን ጥሪው፤ ጋሪው ያልፋል ያንን መንገድ።
ፈረሱ ዳማ ይባላል። ከደጄ ሲደርስ፣
ሳይሉት ይቆማል፤ ወራጅ ባይኖርም፣ ሌላ ጭኖ ሲመለስ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እናቴን
ሆስፒታል ሲያመላልስ ለምዶት ነው ይህን ደጄን።
አትደንግጪ። ባንቴም አይመታውም። ትንሽ ቆሞ፣
ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ አንገቱን ወደ በሩ አዘምሞ።

እኔም ያኔ ከፌርማታሽ በሰዓቱ ቆሜ፣
ስድስት ቁጥርን እጠብቃለሁ፣ አራት ገጽሽን ተሸክሜ።
ባዶም ቢሆን ይነሳል ብለሻል። ይህ ነው ያስጨነቀኝ፤
ማንም ሳይሞላው፣ ማንንም ሳይጠብቅ፣ የት ሊጥለኝ?
ለመውረድ ቀዩን ቁልፍ ተጫኚ፣ መናገር አያስፈልግም ብለሻል፤
እጫናለሁ። አፌ ግን "ወራጅ አለ" ይላል፤ ልማድ ይዞኛል።
የሰማ ይሳቅ።

ረስቼው፦ የአንሙት ባጃጅ ስልክ ከበሩ ጀርባ በከሰል ተጽፏል፤
መጨረሻው ሰባት ነው፤ አንድ ይመስላል እንጂ፣ እርጥበት በልቶታል።
ሌሊት ቢያምሽ ደውይለት። ጋቢውን ደርቦ ይመጣል።