ያልከፈትኩት በርሜል

ገላን ነው መጋዘኔ፣ ከቃሊቲ ወዲያ፣
የቀለም ፋብሪካ፣ የበርሜል ማቆያ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁልፉን ይዣለሁ፣
በአፍንጫዬ ብቻ ሁሉን እለያለሁ፤
ቲነሩ ያንቃል፣ ቫርኒሹ ይከብዳል፣
አሴቶን ግን ቀላል፣ እንደበሰለ ፍሬ፣ ጣፍጦ ይነዳል።

በበርሜሉ ሆድ ላይ ነበልባል ተስሏል፣
ሥሩ በቀይ ቀለም እንዲህ ተብሏል፦
“ከእሳት ይራቅ። ከብልጭታ ይራቅ።
በር ይከፈት። ክዳን ይጥበቅ።”
ውሃ ይመስላል፣ ከውሃም ይዋሃዳል፣
መዳፍ ላይ ቢያፈሱት ቀዝቅዞ ይሄዳል፣
ከኋላው ነጭ ቆዳ፣ የደረቀ፣ ጥሎ።
ትነቱ ከባድ ነው፤ በወለሉ ሾልኮ፣ ቀስ ብሎ፣
ክብሪት ወዳለበት ይሄዳል ሰው መስሎ።

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
ሮባ ጀሪካን ያጋድላል፣ አይረካም፣ አይጠግብ፤
በሌሊት አራት ጊዜ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ሽንት ቤት፣
ቀበቶው ሦስት ቀዳዳ አልፎ፣ ሱሪው ሲወርድበት፣
“እያደገ ነው” አልን፤ “ልጅ ሲረዝም ይከሳል።”
“ኮሶ ነው” አለች እናቱ፤ “ደመወዝ ሲወጣ ኪኒኑ ይደርሳል።”

ቅዳሜ ማታ ግን ብርድ ልብስ ሳለብስ፣
ያ የመጋዘን ሽታ ከአፉ ሲነፍስ!
ጣፋጭ፣ ቀላል፣ ዘጠኝ ዓመት ያሸተትኩት፤
ከእንቅልፉ ጎትቼ “ምን ሳብክ?” ብዬ ጠየቅኩት።
የመናኸሪያ ልጆች ማስቲሽ ሲስቡ አይቻለሁ፤
ቁልፌን ሰርቆ፣ በርሜል ከፍቶ፣ እንደነሱ ሆኗል ብያለሁ።
“አልሳብኩም አባዬ” አለ፣ ምላሱ ደርቆ፣
ቃሉ ከጥርሱ ተጣብቆ።

መታሁት።
አዎ፣ መታሁት። በዚህ በቀኝ እጄ።
አልሸሸም እንኳ ልጄ፤
ትንፋሹ ብቻ፣ ተራራ እንደወጣ፣
ከሆዱ ሥር እየተጎተተ ሲመጣ።

ሳይነጋ፣ በባትሪ፣ በርሜል በርሜል ቆጠርኩ፣
ማኅተሙን አንድ ባንድ በጣቴ ዳበስኩ፣
አሥራ አራት በካርዱ፣ አሥራ አራት በወለሉ፤
አንድም አልተነካ፤ እንደታሸጉ ናቸው ሁሉ።
“ታዲያ ከየት?” ብዬ በሩ ላይ ስፈዝ፦
ካልተከፈተ በርሜል ማን ቀዳ፣ በማን ትእዛዝ?

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሮባ ዓይኑ ተከድኖ፣
ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ እንደ ጆንያ ሆኖ።
ሲስተር አጸደ ጎንበስ ብላ፣ እንደኔው አሸተተች፤
እኔ እጅ አንስቼ ነበር፤ እሷ መርፌ አነሳች።
ጣቱን ጠቅ። መሣሪያው “ከፍተኛ” ብቻ አለ፤
ስኳሩ ከመለኪያው በላይ ዘለለ።

“ምን ትሠራለህ?” ስትለኝ “መጋዘን” አልኳት፤ ቀና አለች፣
“እንግዲያ ቶሎ ይገባሃል” ብላ ጀመረች፤
“ስኳር በደሙ ሞልቷል፣ እደጅ ተከምሮ፤
ኢንሱሊን የሚባል ቁልፍ ጠፍቶ፣ በሩ ሁሉ ተቀርቅሮ፤
ጉበት ደግሞ ‘ተራብን’ ብሎ ጮማውን ያነዳል፣
ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ አመድ፣ አሴቶን ይወለዳል፤
የምታውቀው ነው፤ ስሙም ያው፣ ቀመሩም ያው፤
ፋብሪካ ብቻ መስሎህ ነው የሚሠራው?
ባንተም ትንፋሽ አለ፣ በኔም፤ ስንጾም ይበዛል፤
ጥቂቱን ሰውነት ያውቀዋል፣ በሳንባ ያግዛል።
ገዳዩ አብሮት ያለው አሲድ ነው፣ ደም የሚያኮመጥጠው፤
ሽታው ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ደግነቱ፣ ከሞት በፊት ነው የነፋው።”

አምቡላንሱ ከተማ ወሰደን። አሥራ አንድ ቀን ተኛ።

አሁን ጥቅምት ነው። ፍሪጅ የለንም፤ ብልቃጡ ይቀመጣል
በገንቦ፤ ዙሪያው አሸዋ፣ ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣል።
እኔም እንደ በርሜሉ ጻፍኩበት፦ “ከእሳት ይራቅ።
ፀሐይ አይንካው። ክዳን ይጥበቅ።”
በአሮጌ የዕቃ ካርድ ጀርባ ቁጥሩን እመዘግባለሁ፤
ገቢ፦ ስንት ዳቦ። ወጪ፦ ስንት ዩኒት። ‘ቀሪ’ የሚለውን ባዶ እተዋለሁ።
በዚያችው ቀኝ እጄ ቆዳውን ቆንጥጬ ስወጋው፣
“ቀስ” ይለኛል ሮባ፤ አሴቶን ያደረቀው መዳፌ ሲነካው።
ስለዚያ ሌሊት አልጠየቀኝም። አላነሳሁም።
ይቅርታ ጉሮሮዬ ውስጥ ታሽጎ ቆሟል፤ አልከፈትኩም።

ሌሊት ብርድ ልብሱን ሳስተካክል ጎንበስ እላለሁ፣
አፉ አጠገብ ቆይቼ አሸታለሁ፤
የዳቦ ሽታ፣ የእንቅልፍ ሽታ። ሌላ የለም።
ደግሜ አሸታለሁ። የራሴን አፍንጫ አላምንም።