ላልቶ፣ ጠብቆ

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ገና ሳይነቃ፣
ቧንቧ ውሃ ደረስን፣ ከነተሳቢያችን፣ ከነሁለት ሳንቃ።
ሉባባ በር ከፈተች፤ ቁልፉን ጨብጣለች፤
«ሞተሩ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው» አለች።

ሰማያዊ ቮልስ፤ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመች አራት ዓመት፤
ቅጠል የተከመረባት፣ የወለደችባት ድመት።
የመምህር አሰን ነበረች፣ የአማርኛ አስተማሪ፤
ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጭኑባት ነበር ስድስት ሰባት ተማሪ።
አሁን ኮምቦልቻ ገዢ አገኘች፣ መካኒክ ነው፣ ወጣት፤
ግማሹን ብር ልኳል፤ ግማሹን ሲያያት።

ሙሄ ዙሪያዋን ዞረ፤ ጎማዋን ረገጠ፤
ከሥሯ ተጋድሞ ብረቷን መረጠ።
«ዝገት የበላው ላይ አታስር፤ ይበጠሳል፤
ፓራውልቷ ላይ አታስር፤ ይገነጠላል፤
አክስሏን ያዝ፤ አጥንቷን፤ ቆዳ ያታልላል።»

«አዙሯት» አለን ቀጥሎ፣ «በኋላዋ ትግባ።»
«ወደ ደሴ እያየች ልትወርድ?» አለች ሉባባ።
«የቮልስ ልቧ ከኋላዋ ነው፤ ክብደቷም እዚያው ላይ፤
ክብደት ወደ ፊት ካልቀረበ፣ ተሳቢው ሐረጎ ላይ
ጅራቱን እንደ ውሻ ይቆላል፤ ያኔ ዋይ ዋይ!»
«የሞተ ሞተር እኮ ነው» አለችው፣ ድምጿ እያነሰ።
«የሞተ ልብ አይቀልም» አላት፣ እጁን በጨርቅ እያበሰ።

ገፋናት። ሳንቃው አቃሰተ። ድመቷ አጥሩ ላይ ቀረች።
የእጅ ፍሬን ተሳበ፣ ማርሽ ገባ፣ በታኮ ተወጠረች።
የፊቱ ቀበቶ ወደ ፊት ሳባት፣ የኋላው ወደ ኋላ፤
በአራት ወገን ተጣልተው፣ አንዱም እንዳይላላ።
ሰንሰለቱን ከመጎተቻው ሥር አመሳቀለ፣ «ለክፉ ቀን» ብሎ፤
ቀበቶውን አንዴ ጠመዘዘው፦
«ዝርግ ከሆነ ነፋስ ያስጮኸዋል፤ ጆሮህን ይበላሃል ውሎ።»

ሉባባ የቮልሷን በር ከፈተች፣ የአባቷ ወንበር ላይ ልትገባ፤
«ጭነት ላይ ሰው አይጫንም፤ ከእኛ ጋር ነይ፣ ሉባባ።»
ፒካፑ ውስጥ ተጠጋጋን። ቁልፉ እንደተጨበጠ ነው።

ሐረጎ አፉን ሳይከፍት፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣
ሙሄ ዳር ይዞ ቆመ። «ፈትሽ» አለኝ፣ «ሳታፍር።»
እኔ ያሰርኩት፣ የቀኝ ኋላው፣
ላልቷል።
በሁለት ጣት ይነሣል።

ስድብ ስጠብቅ ሙሄ፦ «ሁሉም ይላላል፣ ይታወቃል፤
ጎማ ይረግባል፣ ሞላ ይቀመጣል፤ ማሰር ሁለቴ ይጠይቃል።»

ሉባባ ሳቀች፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ገደል አፋፍ፦
«አባዬ አንዲት ቃል ነበረችው፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፋት ሰፋ ሰፋ አርጎ፣ በጠመኔ ጫፍ።
‹ይጠብቃል።›
አንብቡ ይለናል።
ብን አላልቶ ላነበበ፣ ገመድ ነው፤ ይወጠራል፤
ብን አጥብቆ ላነበበ፣ ሰው ነው፤ ደጅ ቆሞ ይኖራል።
‹መጥበቅን ልትናገር ብታስብ፣ ፊደሉን ታላላለህ›
ብሎ ይስቅ ነበር ብቻውን። እኛ እንኳ አልገባንም።»

ሙሄ ፊደል አልቆጠረም። ራሱን ነቀነቀ፦
«ያን ሰውዬ ቀድሜ ባውቀው ረዳቴ አደርገው ነበር» አለና ሳቀ፤
እኔን እያየ።
ከዚያ የማጥበቂያውን እጀታ ለእሷ ሰጣት።
ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
በሁለት እጇ ሳበች፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤
«ይበቃል» እስክንላት፣ ካልናትም በኋላ አንድ ቀጭ።

ወረድን። ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ጆሯችን ተደፈነ፣ ተከፈተ።
በመስታወት የማየው ጀርባዋን ነው፤
ዓይኖቿ ደሴን ያያሉ፣ በየጥምዝምዙ፣
ደሴ እስክትሰወር፣ ከተሰወረችም በኋላ።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራብ አወለቅን።
ገዢው ብሩን በፌስታል ይዞ ቆሟል።
ሦስቱን ቀበቶ በአንድ እጄ ፈታሁ።
አራተኛው እንቢ አለ፤ በጉልበቴ ተደገፍኩ፣ በብረት መታሁት፤ እንቢ።
«ምን ሆነ?» አለ ገዢው።
ሉባባን አየኋት፤ እሷ ቮልሷን ታያለች።
«ይጠብቃል» አልኩት።